የማክሰኞ ጠዋት ድምፅ

«ጣሪያህ ተገነጠለ አሉ» አለ ደላላው በስልክ። ሰላምታውን ጨርሶ፣ የልጆቹን ጤንነት ጠይቆ፣ ለመንገዱ ርቀት አዝኖ ካበቃ በኋላ ነው እንደ ዋዛ ጣል ያደረጋት። ሴትዮዋ ወጥ ቤት ቆማ ሻይ እየቀዳች ነበር። ወንድሟ ስልኩን ጆሮው ላይ አያደርግም፤ የስልኩ ማዳመጫ አቧራ ጠጥቶ ድምፁ ስለጠፋ ማጉያውን ከፍቶ እንደ መስታወት ፊቱ ላይ ይዞት ነው የሚያወራው። ስለዚህ እሱ ሲደወልለት ቤት ያለው ሁሉ ተሰብሳቢ ነው። «እና ወዳጄ፣ የተገነጠለ ጣሪያ ሥር የተከመረ ሽንኩርት ብዙ እንደማይሰነብት አንተም ታውቃለህ፣ እኛም እናውቃለን። ትናንት የተባባልነውን ዋጋ እርሳው። ዛሬ በኪሎ አሥራ ሁለት ነው። የጫንከውም፣ እዚያ የቀረውም።» «ማን ነው ጣሪያዬን ያየው?» አለ ወንድምየው። ደላላው ሳቀ። «አይ ጋሼ፣ ዘንድሮ ደግሞ ማየት ምን ያደርጋል» አለና ዘጋው።

ሻዩን ይዛ ወጣች። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሶፋው ተዘርግቶ ካደረ በሩ በቅጡ አይከፈትም። ወንድሟ ግን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ አጥፎት፣ ትራሱን ላዩ ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሏል። ታላቅ ወንድም ነው፣ የእህቱ ቤትም እንደ ቤቱ ነው፣ ግን እንግዳ ሲሆን እንዲህ ነው። ሽንኩርቱን የጫነው መኪና ከሾፌሩ ጋር አትክልት ገበያው በር ላይ አድሯል። ወንድሟ ማታ ሲገባ ስለ ዋጋው በደስታ ሲያወራ ነበር፤ አገር ቤት ማከማቻው ውስጥ የቀረውንም በዚያው ዋጋ ቢሸጠው ምን ምን እንደሚሠራበት በጣቱ እየቆጠረ አስረድቷታል። አሁን ዳቦውን ቆርሶ ሳይጎርሰው ሰሐኑ ላይ መለሰው። ቀና ብሎ አያት፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ወሰደው።

«ወንድም ጋሼ፣ ለማን ነግረህ ነበር ስለ ጣሪያው?»

ሻዩን ማማሰል ያዘ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «ላንቺ» አለ።

ይህን የሚሰማ ሰው ወንድምየውን እንደ ሞኝ እንዳያየው። እሱ ስልክ ውስጥ ሰው እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል። እህቱ የምትሠራበት ድርጅት ለገበሬዎች የስልክ አገልግሎት ይሰጣል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ለየገበሬው ይደውላል፣ የእሷ የተቀዳ ድምፅ የሳምንቱን ዝናብ ይናገራል፣ ተባዩ በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ ያስጠነቅቃል፣ መቼ መርጨት መቼ መተው እንደሚሻል ይመክራል። ምክሩም የቀልድ አይደለም። አምና ቅጠል የሚያቃጥለው በሽታ አካባቢውን ሲፈጀው የእሱ ማሳ የተረፈው፣ በዚያ ድምፅ «ዛሬውኑ ይርጩ» ስለተባለ ነው። ከምክሩ በኋላ ግን ጥያቄ አለ። ምን ዘሩ፣ ምን ያህል አገኙ፣ የት አስቀመጡ፣ መቼ ሊሸጡ አሰቡ፤ «ከጩኸቱ በኋላ ይናገሩ»። ሌላው ገበሬ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ አባቱ ነው የሚመልሰው። ሃያ ኩንታል ያገኘው ስምንት ይላል፣ የሸጠው ገና ነኝ ይላል፣ ስለ ጎተራው የጠየቁት ደግሞ ሰማይ ሰማይ እያየ «እሱ ያውቃል» ብሎ ያልፋል። ገበያ ለሚወጣ ሰው ይህ ውሸት አይባልም፤ ልብስ ለብሶ እንደ መውጣት ነው። እሱ ግን አልሆነለትም። ቀረጻ መሆኑን ያውቃል፣ ነገር ግን ድምፁ የእህቱ ነው፣ ለእህት ደግሞ አይዋሽም። «ቤት ስመጣ አንተ፣ በስልክ አንቱ! እንዲህ ከሆነስ ስልኩ ይሻለኛል» እያለ ይስቃል እንጂ አንድም ሳያስቀር ይነግራታል። ለጎረቤቶቹም «የገዛ እህቴ ናት፣ አትዋሿት» ብሎ መክሯል።

ነፋሱ የማከማቻውን ቆርቆሮ የገነጠለው በቅርቡ ነው። ያን ቀን ለማንም አልተነፈሰም። ከውስጥ ላስቲክ ወጠረ፣ ከውጭ መንገደኛ እንዳያየው የበቆሎ አገዳ ከመረበት፣ ሚስቱንም «ሆድ ይፍጀው» አላት። ለጥገና ባለሙያ እንኳ ያልጠራው ወሬው እንዳይወጣ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ ይሸጣል፣ ከዚያ ያድሳል። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። «ምርትዎን ያስቀመጡበት ቦታ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?» አለችው እህቱ። ነገራት።

«ማክሰኞ ጠዋት ነው የነገርኩሽ» አለ አሁን፣ ሻዩን እያየ። እንደ ከሳሽ አልነበረም አነጋገሩ፤ እንደ ከሳሽ ቢሆን መልስ ነበራት። ጮክ ብሎ ቢቆጣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሚሰጡኝን የማነብ ሰው ነኝ» ትለው ነበር፣ እውነቷንም ነው። የገበሬው መልስ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃ አታውቅም። ወደ ባለሙያዎቹ ይሄዳል፣ እነሱም ምክሩን ያዘጋጁበታል ብላ አስባ፣ ሐሳቡ ደስ ስላላት እዚያው ትታዋለች። እሱ ግን ምንም አልጠየቃትም። «ካፍ የወጣ አፋፍ» አለና ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ተነሣ።

ደረጃውን አብረው ወረዱ። ምድር ቤት ያለው ባለ ሱቅ የሽንኩርቱን ቅርጫት ወደ ደጅ እያወጣ ነበርና እንደ ልማዱ ምሬቱን ጀመረላት። «ሃምሳ አምስት ገባ እኮ! ኧረ ይኼ ገበሬ ምን ነካው፣ ጠገበ እኮ፣ ጠገበ!» ይናገራል፣ እሱን ይመለከታል፣ እሷን ይመለከታል፣ ማረጋገጫ ይፈልጋል። እሷ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ከቅርጫቱ አንድ ሽንኩርት አነሣ፣ አንገቱን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በቦታው መለሰው። «ደህና ሽንኩርት ነው» አለ ለባለ ሱቁ። መንገዱ ዳር ሲለያዩ፣ «ቢሮ ደርሼ እመጣለሁ፣ እስክመጣ አትሽጥ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ፣ ግን ወዴት ነቀነቀው፣ ላይ ታች ይሁን ግራ ቀኝ፣ አልለየላትም።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። ሒሳብ ስትከፍል ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምትናገረው፤ አንዳንድ ጊዜ ከገጠር የገባ ሰው ድምፅዋን ለይቶ «ለበቆሎ አንድን ይጫኑ!» እያለ መንገደኛውን ያስቅባታል። ሌላ ቀን ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ገንዘቡን በዝምታ ዘርግታ በጣቷ መውረጃዋን አሳየች። የጣሪያው ወሬ ለምን ወጣ ከሚለው ይልቅ የሚያስጨንቃት ሌላ ነው፤ ወንድሟ ዛሬ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል? እህቱ እንደሸጠችው አምኖ ከሄደ፣ ያንን ሐሳብ በየትኛው ስልክ፣ በየትኛው ማክሰኞ ታስወጣዋለች? እሱ ደግሞ ቂም አይናገርም። ቂሙን እንደ ብርድ ልብሱ አጣጥፎ ነው የሚያስቀምጠው።

ድርጅቱ ያለው አንድ የቤት ዕቃ መደብር ያለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሁሉ ቫርኒሽ ይሸታል። መቅረጫ ክፍሉ ድሮ ዕቃ ቤት ነበር አሉ። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፣ መስኮት የለውም፣ ቀረጻ ሲጀመር ማራገቢያው ስለሚጠፋ ሙቀቱ አንገት ያንቃል። የድምፅ ባለሙያው፣ ጸጥተኛ ወጣት ነው፣ ለብ ያለ ውሃዋን አስቀምጦ ጠብቋታል። ዓረፍተ ነገሮቹ ፊት ለፊቷ ባለው ስክሪን ላይ አንድ በአንድ ይመጣሉ። የዝናቡን አነበበች። የአረሙን አነበበች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብሎ ወጣ፤ ሰው ሆዱ እየተቃጠለ እንዲህ መናገር መቻሉ ለራሷም ገረማት። ከዚያ ሁለት አዲስ ዓረፍተ ነገሮች መጡ። «ምርትዎን ሳይሸጡ ስንት ቀን ማቆየት ይችላሉ?» ይላል የመጀመሪያው። ሁለተኛው «የሚነግሩን ሁሉ በእኛና በእርስዎ መካከል ብቻ ይቀራል» ይላል።

አፏን ከፈተች፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ ዘጋችው። ባለሙያው ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ማዶ እጁን አነሣላት። እንደገና ከፈተች። ወንድሟ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ፊቱ ላይ ይዞ ታያት። «ይኼ ጥያቄ ለምን ተፈለገ?» አለች በማይክሮፎኑ። ወጣቱ ትከሻውን ሰበቀ። «ሁለተኛውስ፣ እውነት ነው?» ወጣቱ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣው፣ ገመዱን ማፍታታት ጀመረ። «ሥራ አስኪያጁን ብትጠይቂያቸው ይሻላል» አላት።

ሥራ አስኪያጁ ዕድሜው ከእሷ በብዙ ያንሳል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እባክዎ አንቱ አይበሉኝ» ብሎ ለምኗት፣ እሱ ግን አንቱታውን ከአፉ ጥሎ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ወንበር ሳበላት፣ ውሃ ቀዳላት፣ ታሪኩን እስክትጨርስ ሳያቋርጥ አዳመጣት። «እትዬ፣ እኛ የማንንም ስም አናወጣም» አለ። «ስምም፣ ስልክ ቁጥርም፣ ምንም። አጋሮቻችን የሚያዩት ካርታ ብቻ ነው።» ስክሪኑን አዞረላት። ካርታ ነው፣ በነጠብጣብ የተሞላ፤ አረንጓዴው ሊቆይ የሚችል ምርት፣ ቀዩ ቶሎ መሸጥ ያለበት። «ነጋዴው ቀይ ወዳለበት መኪና ይልካል፣ ምርቱ ሳይበላሽ ከተማ ይገባል፣ ሸማቹ ይበላል። ድሮ ሜዳ ላይ ይበሰብስ ነበር። ይኼ መጥፎ ነገር ነው?» አለ፣ ከልቡ እየጠየቀ።

ዓይኗ የወንድሟን አገር ወንዝ ተከትሎ ሄደ። ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣ አንዲት ቀይ ነጠብጣብ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። «እዚህ ጋ ያለው ማከማቻ አንድ ነው» አለች። «ስም መጻፉ ለምን ያስፈልጋል? ፊቱን ብትስሉት እንኳ እንዲህ አይታወቅም ነበር።» ሥራ አስኪያጁ ነጠብጣቧን ነካ፤ «የማከማቻ ጉዳት፦ ጣሪያ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ቶሎ ጣቱን አነሣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ ስንት እንዳለው፣ ስንት ሊገዛ እንዳሰበ፣ እስከ ስንት ድረስ ሊከፍል እንደሚችል፣ ይኼንን ወንድሜ በስልኩ ይሰማል?»

ፈገግ አለ። «ነጋዴዎች እንዲህ ያለ መረጃ አይሰጡማ፣ እትዬ።»

ከታች ከመደብሩ የመጋዝ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ፣ በጣም በትሕትና፣ እሷ ፈርታው የነበረውን ነገር አነሣ። አጋሮቹ ካልከፈሉ አገልግሎቱ አይኖርም። ገበሬው አምስት ሳንቲም አይከፍልም። አምና የበሽታው ማስጠንቀቂያ ለወንድሟ የደረሰው በማን ገንዘብ ይመስላታል? የእሷስ ደመወዝ? ማሳው መትረፉ እውነት ነው፤ ወንድሟ ያን ሰሞን ደውሎ ሲመርቃት አልቅሳለች። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «ይችን ቀይ ለዛሬ ብቻ አጥፋልኝ። ሸጦ እስኪመለስ።» «ባጠፋትስ? አይተዋታል እኮ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ፣ በእውነት ያዘነ ይመስላል። «እንግዲያው እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አላነብም» አለች። እንደሚቆጣት ጠብቃ ነበር፤ ቃላቷን ሁሉ ለጠብ አዘጋጅታለች። እሱ ግን ብድግ ብሎ በሩን ከፈተላት። «ችግር የለም። ደክሞዎታል፣ ለዛሬ ይረፉ። ድምፅዎ በበቂ አለን» አላት። የድሮ ቀረጻዎችን ለመጠቀም አስቦ መሰላትና አንድ ነገር ያሸነፈች ያህል ቀለል ብሏት ወረደች።

አትክልት ገበያው ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መኪኖቹ ጀርባቸውን ወደ መጋዘኖቹ አዙረው ተደርድረዋል፤ መሬቱ የጎመን ቅጠልና የቲማቲም ጭማቂ ተረግጦ የተለጠፈበት ጭቃ ነው፤ ወዛደሮቹ ጆንያ ተሸክመው «ዞር በል! ዞር በይ!» እያሉ ሰው ይሰነጥቃሉ። የወንድሟን መኪና ያወቀችው በሾፌሩ ነው። ሾፌሩ ጎማው ሥር ባለው ጥላ ላይ ተኝቷል። መኪናው ከግማሽ በላይ ተራግፏል። ወንድሟ ከበላዩ፣ ከቀሩት ጆንያዎች አንዱ ላይ ተቀምጦ፣ የአንድ ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ በጥፍሩ እየላጠ ነፋስ ላይ ይለቀዋል። ሲያያት ተነሥቶ እጇን ይዞ ወደ ላይ ሳባት፣ ንጹሕ የሚመስለውን ጆንያ መርጦ አስቀመጣት። «እህቴ ናት» አለው ለወዛደሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «የስልኳ ሴት ናት! ድምፅዋን ታውቀዋለህ!» ይል ነበር።

«የጫንኩትን ሸጥኩት» አላት። «በአሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት አላለም እንዴ?»

«ጠዋት ነዋ። ሲሞቅ አሥራ አንድ ሆነ። ሌሎቹም ጋ ሄጄ ነበር፣ ሁሉም ስለ ጣሪያዬ ነው የሚያጽናኑኝ።» ሊስቅ ሞከረ። «ሐዘን ቤት የመጡ ይመስላሉ።»

የምትለውን መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጅ ነው የመጣችው፣ አንዱም አልወጣላትም። ካርታውን ነገረችው፣ ቀዩን ነጠብጣብ ነገረችው፣ ስም አይወጣም ማለታቸውን ነገረችው። እሱ ልጣጩን እየላጠ ሰማት። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ አልነገርኩም» አለች። «አላልኩሽም» አለ። ይህች «አላልኩሽም» ከጥፊ የባሰች ነበረች። አላለም፣ እውነት ነው፤ ግን አላሰብኩም አላላትም። ከዚያ እሱ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ነገ የጎረቤቶቼ መኪና ይገባል» አለ። «የነሱም እንዲሁ ነው። ስንት እንዳላቸው፣ ማን ዕዳ እንዳፈጠጠበት፣ ማን ሠርግ እንዳለበት፣ ሁሉንም ተናግረዋል። እንደ ሰው ቢዋሹ ኖሮ ምን ነበረበት? እኔ ነኝ አትዋሿት ያልኳቸው።» ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰማችው። ታላቅ ወንድሟ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰምታ አታውቅም።

«ከእንግዲህ በኔ አፍ አይጠይቋችሁም» አለች፣ እጁን ይዛ። «ዛሬ አዲስ ጥያቄ አንብቢ ብለውኝ እንቢ ብያለሁ። ሳትሸጥ ስንት ቀን ማቆየት ትችላለህ የሚል። የምትነግሩን ሁሉ በመካከላችን ይቀራል በይም ብለውኛል። አንዱንም አላልኩም።» አያት። ልጁ «ትልቅ ስሆን ቤት እሠራልሃለሁ» ሲለው እንደሚሰማ ሰው ነው የሰማት፤ ደስ ብሎት፣ ሳያምናት።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ማክሰኞ አልነበረም። የአገልግሎቱን አጭር ቁጥር አይቶ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ማጉያውን ከፍቶ ፊቱ ላይ ያዘው።

«እንደምን ዋሉ፣ ውድ ደንበኛችን» አለች እህቱ ከስልኩ ውስጥ። «ምርትዎን ሳይሸጡ ስንት ቀን ማቆየት ይችላሉ? የሚነግሩን ሁሉ በእኛና በእርስዎ መካከል ብቻ ይቀራል። ከጩኸቱ በኋላ ይናገሩ።»

የራሷ ድምፅ ነው። አረጋጉ የራሷ፣ ከ«ምርትዎን» በፊት የምትወስዳት ትንሽ ትንፋሽ ሳትቀር የራሷ። ያላለችው ነገር ነው። «ድምፅዎ በበቂ አለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባት፤ መሣሪያው ከዓመታት ንግግሯ አነጋገሯን ተምሯል፣ ከእንግዲህ የፈለጉትን ጽፈው ይሰጡታል፣ እሱ በእሷ አፍ ይለዋል። እሷን የሚፈልጋት የለም። ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። አላልኩም ያለችው ቃል፣ ካለችው ደቂቃ ሳይሞላ፣ በራሷ ድምፅ ተነግሯል። ልትጮህ፣ «እኔ አይደለሁም!» ልትል አፏን ከፈተች። የስልኩ ጩኸት ተሰማ። ስልኩ እየቀዳ ነው። አሁን የሚናገሩት ሁሉ ወደ ካርታው ይሄዳል። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እሱ ዓይኑን ከአፏ ላይ አላነሣም። የተዘጋውን አፏን፣ በላዩ ያረፉትን ጣቶቿን፣ ከዚያ ስልኩን፣ ከዚያ እንደገና እሷን እያየ ቆየ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጣሪያው ታድሷል» አለው ስልኩን። ውሸት ያልለመደበት ሰው አነጋገር ነበር፣ ቃላቱን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጠው። «በአዲስ ቆርቆሮ። ሽንኩርቱ… ደህና ነው። ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይቆያል። እኔ አልቸኩልም።» ስልኩ አመስግኖት ተዘጋ።

«አንቺ አይደለሽም» አለ።

«አይደለሁም» አለች፣ እና አለቀሰች። ወዛደሩ ጆንያውን እንደ ተሸከመ ቆሞ አያቸው፣ የዋጋው ነገር መስሎት ከንፈሩን መጠጠላቸውና ወረደ። ወንድሟ አልደባበሳትም፤ የጃኬቱን እጅጌ ብቻ ዘርግቶ «እንኪ፣ ጥረጊው» አላት። ከዚያ ስልኩን አስጠግቶ አየው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው። በፀሐዩ ፊደሉ አልታየውም። «ጎረቤቶቼን አውጪልኝ» ብሎ ሰጣት። «ሳይጭኑ ልድረስባቸው።»

ስሞቹን ፈልጋ የመጀመሪያውን ደወለችና ስልኩን ፊቱ ላይ ያዘችለት። እሱም ሰላምታውን አሳጠረ። «ስማኝ፣ ዛሬ ስልኩ ይደውልልሃል። ጥያቄው ይመጣል። እህቴ ናት፣ አዎ፣ ድምፅዋ ነው። እውነቱን እንዳትነግራት።» ማዶ ያለው ሰው ግራ ገባው። «ምን አደረገችህ?» ሲል ለሁለቱም ተሰማ።

«እህቴ ምንም አላደረገችኝም» አለ ወንድምየው። «እንዲያውም አጠገቤ ናት፣ ስልኩን የያዘችልኝ እሷ ናት። አንተ ግን ዋሻት። ስንት ጆንያ ቀረህ ካለችህ ዋሻት። መቼ ትሸጣለህ ካለችህ ዋሻት። ለሚስትህም ንገራት።»

ስልኩ ተዘጋ። እሷ አፍንጫዋን በእጅጌው ጠርጋ የሚቀጥለውን ስም አወጣችና ደወለችለት።